በራሄል አልበም ላይ ያለው ሁለተኛ ድምፅ

እኔ በድምፅ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ነገሌ ቦረና እየኖሩ በድምፅ መደንገጥ ይቻላል እንዴ? ባጃጁ ክላክሱን እየነፋ ጓሮ ድረስ ይገባል። ግመሉ የተበደለ ይመስል መንገድ ላይ ቆሞ ያለቃቅሳል። ለምዶብኛል። አንድ መዝሙር ግን አለ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ከሆንኩ ኢርፎን ሰክቼ የማልሰማው። የቀዳሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ዘማሪዋ ራሄል ትባላለች። ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። መርፌ ስትወጋ ሳታስበው ታንጎራጉራለች። ስለዚህ የከተማችን ሰው ግማሹ መዝሙሮቿን የሚያስታውሰው መቀመጫውን እያሸ ነው። የመጀመሪያ አልበሟን የሠራችው አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። እዚያ ያገኘችው ፕሮዲውሰር ዘመኑ የሚፈልገው ሌላ ነው እያለ ዜማዋን ቆረጠው፣ ድምፅዋን በማሽን አቃናው፣ ከበሮ ጨመረበት። አልበሙ ሲወጣ እናቷ ከዳር እስከ ዳር ሰምተው፣ «ጎበዝ ልጄ፤ ያንቺ የቱ ጋ ነው?» አሏት።

ራሄል ከዚያ በኋላ ማለች። ሁለተኛውን ራሴ እሠራዋለሁ አለች። ግጥሙም ዜማውም ወጪውም የራሷ። ኪቦርዱና ቀረጻው የእኔ ድርሻ ሆነ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ እጫወታለሁ። ድምፅ መቅዳት ያስተማረኝ ኢንተርኔት ነው። እሱም ኔትወርክ ሲኖር።

ስቱዲዮ ከየት ይምጣ? ጃርሶ የሚባል ባለሱቅ ግቢው ውስጥ ተዘግታ የኖረች አንዲት ክፍል አከራየን። ግድግዳውን በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፈንነው። ቁም ሳጥን ውስጥ የገባን ነበር የምንመስለው። አንድ የግቢ አውራ ዶሮ ነበር፣ ራሄል አፏን በከፈተች ቁጥር አብሮ የሚከፍት። ጃርሶ ታዘበና አንድ ቀን ለምሳ ጋበዘን። ከዚያ በኋላ ግቢው ጸጥ አለ።

ከግድግዳው ማዶ የጃርሶ እናት አዴ ሎኮ ይኖራሉ። እሳቸው አይረብሹም። እሳቸው አይናገሩም። ልጃቸው ዳሮ ከተቀበረች ጀምሮ አንድ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሐኪም አይቷቸዋል፤ ጉሮሯቸው ጤነኛ ነው። ዝም ብለው ዝም አሉ። በበራቸው ስናልፍ «አካም፣ ናጋ?» እንላቸዋለን። አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። በቃ።

«በሩን አልዘጋሁትም» የሚለውን መዝሙር የቀዳነው በቀትር ነው። የቆላ ቀትር ታውቃላችሁ። ፀሐይዋ ሰውን ሁሉ ከመንገድ ጠርጋ ቤት አስገብታለች። ውሻው እንኳ ጥላ ፍለጋ ሄዷል። አንድ ማይክ ነው ያለን፤ የሚቀዳው ድምፅዋን ብቻ ነው። ኪቦርዱ በሽቦ ነው የሚገባው። ራሄል ዓይኗን ጨፍና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ዘመረችው። ስትጨርስ ክንዷን አሳየችኝ። ጸጉሩ ቆሟል። በዚያ ሙቀት!

ምን ሆንሽ አልኳት።

«እንጃ፤ ትንፋሽ ልስብ ስል ቀድሞኝ የሚስብ ሰው ነበር» አለች።

ሳቅኩባት። ከዚያ መልሼ አጫወትኩት።

ሁለተኛው አዝማች ላይ፣ ራሄል ስንኟን ጨርሳ ዝም ባለችበት ቦታ፣ ከኋላዋ ሌላ ሴት ትገባለች። ሩቅ አይደለችም። በር ላይ እንደቆመች ያህል ናት። «ኮቱ» ትላለች በኦሮምኛ። ነይ እንደማለት ነው። «ኮቱ፣ ኮቱ።» ዜማው የራሄል ነው፤ ቃሉ የራሄል አይደለም። ኪቦርዱን አጠፋሁት። ሴትዮዋ አለች። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከፈትኩት። አለች። የተማርኩትን ሁሉ ሞከርኩ። እሷን ባጠፋኋት ቁጥር የራሄልም ድምፅ አብሮ ይጠፋል።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ቀዳነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ደርሰን ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ምንም የለም። እንግዳ ጋብዞ የቀረበት ሰው መሰልን። ቀረጻው ንጹሕ ነበር፤ ግን የሞተ ነው። ራሄል ሰማችውና የመጀመሪያው ይሻላል አለች። ፈራሽ እንዴ ብላት፣ ፈርቻለሁ ግን ይሻላል አለች። ምን ይባላል?

ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቻችን ጆሮ ደረሰ። አንደኛው መልአክ ነው አሉ። ሌላኛው ጋሽ ታደሰ፣ መልአክ ከሆነ ለምን ሳያስፈቅድ ይገባል ብለው ተቃወሙ። መልአክ ኦሮምኛ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ይህ ግማሹን ሰው ስላስቀየመ ቶሎ ተዘጋ። በመጨረሻ ላፕቶፑ ይጸለይበት ተባለ። እውነቴን ነው፣ እጅ ተጭኖ ተጸለየበት። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ያሰቃየኝ ቫይረስ ጠፋ። ድምፁ ግን አልጠፋም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያንን መዝሙር እያዳመጥን ሳለ ጃርሶ በሩ ላይ ቆሞ አየነው። ኪራይ ሊጠይቅ አልመጣም፤ ፊቱ የአመድ ቀለም ሆኗል።

«ይሄ የእናቴ ድምፅ ነው» አለ።

እናትህ አይናገሩም እኮ አልነው። የዕቃችን ሳጥን ላይ ቁጭ አለና ድሮ አዴ ሎኮ የከተማው ሰርግ ያለ እሳቸው የማይደምቅ ዘፋኝ እንደነበሩ ነገረን። እሳቸው ይመራሉ፣ እህቱ ዳሮ ትቀበላለች። ሁለቱ አብረው ያልዘፈኑበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። የተከራየናት ክፍልም የዳሮ ነበረች። ይህን ሲለን ራሄል ቀስ ብላ ከፍራሹ ላይ ጀርባዋን አነሣች። እኔም አነሣሁ።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ ብለን ተጽናናን። ምስኪን እናት፣ ማንም የማይሰማቸው መስሏቸው በግድግዳው በኩል ከራሄል ጋር ዘምረዋል። ጃርሶ እንባው መጣ። ራሄል ደግሞ ሌላ ነገር አስጨነቃት። የሰው ኀዘን ሰርቄ አልበም አላወጣም፣ እሳቸው ካልፈቀዱ መዝሙሩ ይቀራል አለች። መዝሙሩ ቀረ ማለት አልበሙ ቀረ ማለት ነው፤ ልቡ እሱ ነበርና። ሦስታችንም ወደ አዴ ሎኮ ገባን።

አዴ ሎኮ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ራሄል ተንበርክካ፣ «እማማ፣ ድምፅዎን ሳላውቅ ቀድቼዋለሁ። ይስሙትና አይሆንም ካሉ አጠፋዋለሁ» አለቻቸው። ጃርሶ በኦሮምኛ ደገመላቸው። እኔ ስልኬን ከፈትኩት።

የመጀመሪያው አዝማች አለፈ። ምስራቸውን እየለቀሙ ነው። ሁለተኛው ላይ «ኮቱ» ሲል ጣታቸው ቆመ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ያች የኛ ክፍል ያለችበት ግድግዳ ላይ። ሲያልቅ በእጃቸው ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እንደዛገ በር ነበር ድምፁ።

«አና ሚቲ» አሉ።

እኔ አይደለሁም ማለት ነው።

ጃርሶ እናቱን «አዮ!» ብሎ ጠርቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ዘመን ጠብቆ እናቱ ተናገሩለት! እኔና ራሄል ግን ተያየን። ደስታውን ማቋረጥ ነውር ነው። አለመጠየቅስ ይቻላል? ራሄል ቀስ ብላ፣ ታዲያ ማን ናት አለች።

አዴ ሎኮ ምነው ይህን ያህል ሞኝ ሆናችሁ በሚል ዓይን አዩን። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ዳሮ ናታ!» አሉ። «አትሰሙም እንዴ? ዘግይታ ገባች። ሁልጊዜ ዘግይታ ነው የምትገባ። ስንቴ ነግሬያታለሁ!»

ጃርሶ ከወደቀበት ቀና ብሎ፣ ለምን ይህን ያህል ዘመን ዝም አልሽን አላቸው።

«እሷ ስትዘፍን ላውራ?» አሉት፤ ምስራቸውንም ቀጠሉ።

ከዚያ ቤት የወጣነው ወደ ኋላችን ሳናይ ነው። ዕቃችንን ከክፍሏ ያወጣነውም ሦስታችንም አንድ ላይ ገብተን ነው፤ ማንም ብቻውን አልገባም።

አዴ ሎኮ ፈቀዱ። መናገርም አላቆሙም። አሁን ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ከደንበኛው ሁሉ ጋር ስለሚያወሩ ጃርሶ አንዳንዴ ያን ጸጥታ የናፈቀ ይመስለኛል። አልበሙ ወጣ። በፍላሽና በስልክ ወደራ ከተማ ደረሰ፣ ዱብሉቅ ደረሰ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ያንን መዝሙር ረጅሙ መንገድ ላይ ይከፍቱታል፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ ግን ወደ ኋላ ወንበር ዞር ብለው ያያሉ አሉ።

የቀረው ችግር የሽፋኑ ጽሑፍ ነበር። ሁለተኛውን ድምፅ ማን ሰጠ ይባል? ሽማግሌዎቻችን የሟች ስም በመንፈሳዊ አልበም ላይ እንደ ተሳታፊ አይጻፍም ብለው አጥብቀው ከለከሉ። የአዴ ሎኮ ስም ይግባ ሲባል ደግሞ እሳቸው ተቆጡ። ዘግይቶ የገባ ድምፅ በእኔ ስም አይወጣም፣ የሰርግ ስሜን ታጠፉታላችሁ አሉ። ባዶ ተዉት ስንላቸውም፣ ባዶ ከሆነ ሰው እኔን ይጠረጥራል አሉ። ስለዚህ እንዲህ ተጻፈ፦

«ግጥምና ዜማ፦ ራሄል። ሁለተኛ ድምፅ፦ አዴ ሎኮ አይደሉም።»