የአምስት እህት ከተሞች አምባሳደር

ማዘጋጃ ቤት ባለበት ሁሉ፣ ኤምባሲ ደጅ ሳይረግጥ አምባሳደር የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። የዚህኛው ከተማ ክቡር አምባሳደር የውጭ ግንኙነት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ከተደገፈ ጠረጴዛ ኋላ ይሰየማሉ። ማዕረጉን የሰጧቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። እሳቸው ግን ቀልድ መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቁም።

ጸሐፊያቸው አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ሠርታለች። "ዋናው ግንኙነት ነው" የሚለውን አባባላቸውን ሳይነግሯት ትተይበዋለች። ከአምስት ከተሞች ጋር እህትማማችነት ተፈራርመዋል፤ ትርፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፦ ሦስት ሳህን፣ አንድ የቆመ ሰዓት፣ ማንም ያላወቀው የአንድ ሰውዬ ሥዕል። እሷ በምትኖርበት በላይኛው ሰፈር ግን ቧንቧው ከደረቀ ሦስት ዓመት አልፎታል።

"እትዬ፣ ከአምስት እህት አንዷ እንኳ ጀሪካን አትሞላልንም?" ትላታለች ጎረቤቷ፣ ባገኘቻት ቁጥር።

በመጨረሻ አንዷ እህት ከተማ ለሰፈሩ የውሃ መስመር ልትዘረጋ አሰበች፤ ችግሩን በዓይናቸው አይተው የሚመሰክሩ መሐንዲሶችም እንደምትልክ ጻፈች። አምባሳደሩ እንቅልፍ አጡ። አጥር አስቀቡ፣ መንገድ አስጠረጉ። በዋዜማው በቦቴ ውሃ አስመጥተው የሰፈሩን ታንከር አስሞሉ።

"ክቡርነትዎ፣ ሊያዩ የሚመጡት እኮ ድርቀቱን ነው" አለች ጸሐፊዋ ቀስ ብላ።

"እታለም፣ እንግዳ ፊት ደረቅ ቧንቧ ይከፈታል? ነውር አይደለም?"

ቧንቧው ተከፈተ፤ ውሃው ተንዠቀዠቀ። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ፎቶ ተነሱ። በወሩ ደብዳቤ መጣ፦ የውሃ አቅርቦታችሁ የሚያስመሰግን በመሆኑ፣ መስመሩን የባሰ ችግር ላለባት ከተማ ልንዘረጋ ወስነናል።

አምባሳደሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ።

"ጻፊ። ያያችሁት ውሃ በቦቴ የመጣ ነው። ያስመጣሁትም እኔ ነኝ።"

"ከንቲባው ቢሰሙ አይለቁዎትም።"

"ግልባጭ ለከንቲባው በይበት።"

ከእህት ከተማዋ መልስ አልመጣም። የመጣው የዝውውር ደብዳቤ ነበር፤ ውሃ አገልግሎት፣ ቅሬታ መቀበያ፣ መስኮት ሁለት። አሁን የላይኛው ሰፈር ሴቶች ተራ በተራ ይወርዱባቸዋል። እሳቸው ለእያንዳንዷ ከመቀመጫቸው ተነስተው ይሰማሉ፣ ቃል ሳያስቀሩ ይመዘግባሉ።

ጸሐፊዋም ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓቷ ትሰለፋለች።

"አሁንም አልመጣም?" ይሏታል፣ አንገታቸውን ደፍተው።

"አልመጣም፣ ክቡርነትዎ።"

የቤት ቁጥሯን ሳይጠይቋት ይጽፋሉ። ውሃው እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ቀርታ አታውቅም፤ ከሰልፉ ሁሉ ሳይቆጣ የሚያናግራቸው አንድ ሰው እንኳ ይኑር ብላ።