አሥራ አንድ ጋላክሲ ያጠፋሁ ዕለት

እናት የምትፈራው አያልቅባትም። ልጇ ስትድህ እሳቱን፣ ስትራመድ ባጃጁን፣ ስትደርስ ጎረምሳውን ትፈራለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባማ ያበቃል የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጋላክሲ ፈርቻለሁ።

ልጄ ማኅሌት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ሰማይ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ለቆመች እናቷ ስታስረዳ፣ ጋላክሲ ማለት የከዋክብት አገር ነው፤ አገሮቹም ተሰባስበው ይኖራሉ፤ በትልልቆቹ መሀል ብዙ ትንንሽ አሉ። ምሁራኑ በስሌት «ትንንሾቹ ይህን ያህል መሆን አለባቸው» ብለዋል። የእሷ ሥራ የሰማይ ፎቶ ላይ ያሉትን ትንንሾች ቆጥሮ ከስሌቱ ጋር ማስተያየት ነው። እንግዳን ከተዘጋጀው ድግስ ጋር እንደ ማመዛዘን በሉት።

ለእረፍት ሸዋ ሮቢት ስትመጣ፣ መብራታችንን ስለምታውቀው ፎቶውን በትልቁ አሳትማ፣ በላስቲክ አስለብጣ ይዛ መጣች። በእያንዳንዷ ትንሽ ጋላክሲ ላይ ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። ሁለቴ ቆጠረች፤ ሁለቴም ከስሌቱ በለጠባት። እህል አልቀምስ አለች። እኔ ማን ነኝና ነው ከምሁር ስሌት የምጣላው ትላለች።

ያልበላ ጭንቅላት ምን ይቆጥራል ብዬ፣ ገላዋን ስትታጠብ ፓፓያ ቆርጬ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ጭማቂው ፎቶው ላይ ጠብ አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በነጠላዬ ጫፍ ጫን ጫን አድርጌ አደረቅሁት። ጭማቂው ሲለቅ ቀዩም አብሮ ለቀቀ። ጨርቄ ላይ ያለውን ነጥብ ቆጠርሁ፤ አሥራ አንድ። አሥራ አንድ የከዋክብት አገር! እያንዳንዱን ኮከብ በስሙ ለሚጠራ አምላክ ምን ብዬ ልመልስ ነው?

ጎረቤቴ ዘይነብ ዘንድ ሮጥሁ። እስኪያስነጥሳት ሳቀችና፣ በአላህ ዝም በይ፣ ማን ሰማይ ወጥቶ ያያል አለችኝ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልሁ።

ከሰዓት ማኅሌት ነጥቦቹን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ገጠመ! አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። የፊተኛው ስህተት የሙቀቱ ነው፣ ነገ ለመምህሬ እልካለሁ አለች። ሰው ከምሁር ጋር ሲስማማ የገዛ ዓይኑን ለመክሰስ እንዴት ይቸኩላል! እኔ ግን የነጠላዬን ጫፍ በእጄ ጨብጬ ደበቅሁ። ብናገር ልጄን አሳዝናለሁ፤ ዝም ብል ልጄ በስሟ ሐሰት ጽፋ ትልካለች። የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ ፊት ጥቂት ቆሜ ተመለስሁ።

«ልጄ፣ የገጠመልሽ በእኔ ነጠላ ነው» አልኋትና ጫፉን ዘረጋሁላት።

ነጠላውን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ መለሰች፣ ቆጠረች። እንደገና በለጠ። ስልኳን ይዛ ለመምህሯ ደወለች፤ እኔ ከበሩ ጀርባ አባታችን ሆይን ስንቴ እንዳደረስሁ አላውቅም።

መምህሯ ለካ ደስ ብሎታል። ቁም ነገሩ አለመግጠሙ ላይ ነው፣ አሁን ምክንያቱን ፈልጊ፣ ሌሎች ስብስቦችም ቁጠሪ ብሏታል። ስንት ጊዜ ይፈጃል ብላት፣ «ሁለት ዓመት ቢበዛ» አለችኝ፣ ፓፓያውን እየበላች።

ዘይነብ በየቀኑ ልጅሽ መቼ ነው የምትመረቀው ትለኛለች። ምን ልበላት? በነጠላዬ ጫፍ ያስመረቅኋትን ልጅ በአፌ መልሼ ትምህርት ቤት አስገባኋት።