ኬንያ በደርቤ ግቢ

(ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። በእውቀቱ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን መሪ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ማን ጾመ፣ ማን ገደፈ እያለ የሚቆጣጠረውም እሱ ነው፣ ማንም ሳይሾመው። ደርቤ ገበሬ ነው፤ ከአባቱ የወረሰውን ቤት ለኦቲየኖ አከራይቷል። ኦቲየኖ በጽጽቃ በኩል የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ኬንያዊ ነው፤ ዛሬ የአገሩ ገና ስለሆነ ሁለቱን ጋብዟቸዋል። መንገድ ላይ ይጨቃጨቃሉ።)

ደርቤ፦ እኔ አሁንም አልገባኝም ጋሼ። ጾም ነው፣ ፍየል ታርዷል፣ እኛ ደግሞ እንሄዳለን።

በእውቀቱ፦ አሥር ጊዜ ነገርኩህ። ገናው የእነሱ ነው። የእነሱ ጾም አብቅቷል።

ደርቤ፦ የእኛስ?

በእውቀቱ፦ የእኛ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። የውጭ አገር ሰው የሚኖርበት ቤት ኤምባሲ ይባላል። ደጃፉን ከረገጥክ ኬንያ ገባህ ማለት ነው። ኬንያ ደግሞ ዛሬ ፍስክ ነው።

ደርቤ፦ ቤቱ እኮ የኔ ነው።

በእውቀቱ፦ ቢሆንስ?

ደርቤ፦ እንግዲያ ኬንያን ያከራየሁ እኔ ነኝ በሉኛ።

በእውቀቱ፦ በሕግ ዓይን፣ አዎ።

ደርቤ፦ (ቆሞ ያስባል) ታዲያ ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ ለምን እኔን ጠራኝ? የአገሩን መንግሥት አይጠራም ነበር?

በእውቀቱ፦ ጣሪያ ሌላ፣ ጾም ሌላ።

ደርቤ፦ ላሞቼስ? አጥር ጥሰው እሱ ጓሮ ሲገቡ...

በእውቀቱ፦ ላም አይጾምም።

ደርቤ፦ እሱስ እውነት ነው።

(በእውቀቱ ምራቁን ዋጠ። ጾሙ ከገባ ወር አልፎታል፤ ሽሮ አንገሽግሾታል። የጨነቀው ግን ኃጢአቱ አይደለም፣ ወሬው ነው። ባለፈው ሳምንት አንዷን ጸሐፊ ወተት የነካው ሻይ ጠጣች ብሎ በስብሰባ ያስለቀሳት እሱ ነው። እሱ በልቶ ደርቤ ካልበላ ነገ ሰቆጣ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ደርቤ የግድ መብላት አለበት።)

በእውቀቱ፦ ደግሞም ሰውየው ብቸኛ ነው። በአገሩ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይበላል፤ እዚህ ማን አለው? ማዕዱን ሳንነካ ብንወጣ ይከፋዋል።

ደርቤ፦ እሱማ ያሳዝነኛል። ለዚያ ነው እኮ እሑድ ለት...

በእውቀቱ፦ አታቋርጠኝ።

ደርቤ፦ አይ፣ ልነግርዎ የፈለግሁት...

በእውቀቱ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት እውነታቸውን ነው። የተማርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ላስረዳ፣ አንተ ስማ።

ደርቤ፦ እሺ፣ እሰማለሁ።

በእውቀቱ፦ አብረን እንበላለን። እኔ አላየሁህም፣ አንተም አላየኸኝም። ተግባባን?

ደርቤ፦ አብረን እንበላለን።

(ገቡ። ኦቲየኖ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ተቀበላቸው። የተጠበሰ የፍየል ጎድንና ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ቀርቧል።)

ኦቲየኖ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። እናቴ ጠዋት ደውላ፣ “ከማን ጋር ትበላለህ?” አለችኝ። ከወንድሞቼ ጋር አልኳት።

በእውቀቱ፦ ይኸው መጣን። በል ደርቤ፣ ጀምር።

ደርቤ፦ ታላቅ እያለ? ነውር ነው። ይቅደሙ ጋሼ።

(በእውቀቱ ትልቁን ጎድን አንሥቶ ጋጠ። አጥንቱ እስኪነጣ ድረስ ቀና አላለም።)

በእውቀቱ፦ እህ። አሁን አንተ።

ኦቲየኖ፦ ደርቤ የብቻው አለው። (ባቄላና በቆሎ አብሮ የተቀቀለ በሳህን ያመጣል) ጾም መሆኑን እሑድ ለት ነገረኝ። በዘይት ብቻ ነው የሠራሁት።

ደርቤ፦ (እየጎረሰ) ንፍሮ ነው እንጂ። ኬንያም ንፍሮ አለ ለካ።

በእውቀቱ፦ አንተ ሰው፣ ይህን እያወቅህ መንገዱን ሙሉ ዝም አልከኝ?

ደርቤ፦ እያስረዱኝ ነበር እኮ ጋሼ። የተማረ ሰው ሲያስረዳ አይቋረጥም።

ኦቲየኖ፦ (ግራ ገብቶት) ጋሽ በእውቀቱ፣ ደርቤ ስለ እርስዎም ነግሮኝ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ እንደ እሳቸው የሚጾም የለም አለኝ። የጾሙን ሁለት ሳህን ነው ያዘጋጀሁት።

በእውቀቱ፦ (አጥንቱን ሳህን ሥር እየደበቀ) ደርቤ፣ ወንድሜ... ይህ ነገር እዚሁ ይቅር።

ደርቤ፦ የቱ ነገር ጋሼ? እኔ ያየሁት የለም። (ወደ ኦቲየኖ ዞሮ) የሳቸውንም ሳህን ወደኔ አምጣው፤ እኔ እጾምላቸዋለሁ።