የአህያዋ ቸርኬ

በዚህ ዕድሜዬ ሰው አታልዬ አላውቅም ብል ማንም አያምነኝም። አህያ ግን ያታለልኩት አንዲት ብቻ ናት። እሷንም በፊዚክስ ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ ባሎች ትንሽ እናውራ። ወንድ ልጅ አርባን ሲሻገር አንድ ነገር ይለክፈዋል። አንዱ ርግብ ማርባት ይጀምራል፤ ሌላው ጠባብ ሱሪ ገዝቶ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ሌላው ደግሞ ድንገት ስለ ጤና ምክር መስጠት ያበዛል። የእኔን ጌታቸው የለከፈው “ኦሪጅናል” የሚባል ነገር ነው። አባቱ ታክሲ የሠሩባት አሮጌ አራት መቶ አራት (ድሬ ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ሳይሆን የመኪና ስም ነው) የልብስ ማስጫ ቦታዬን ይዛ ግቢያችን ውስጥ ለዓመታት ቆማ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከእንቅልፉ ተነሣና “እንደ ጥንቷ አደርጋታለሁ” አለ። እውነትም ሞተሯ ተነሣ፤ ወንበሯ ተሰፋ፤ ቀለሟ ተቀባ። የቀረው አንድ ቸርኬ ነበር። ሦስቱ አብረዋት ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። በአራተኛው ቦታ ግን የሆነች ትንሽ መኪና ቸርኬ ተበስቶ በግድ ስለገባባት፣ አንድ እግሩ እንደሚያመው ሰው ወደ ጎን ዘንበል ብላ ነው የምትቆመው።

“ሌላ ደህና ቸርኬ ግዛላት” አልኩት።

“እናትሽን በሌላ ደህና እናት ትለውጫለሽ?” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምክር አልሰጠሁም።

ድሬ ላይ የአሮጌ መኪና ቸርኬ አይጣልም። መኪናው ይሞታል፤ ቸርኬው ጋሪ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ ባሌ ከሥራ ሲወጣ ባገኘው ጋሪ ሁሉ ሥር እያጎነበሰ ወደ ቤት ይመጣ ጀመር። ጎረቤቶች “ምን ጠፍቶበት ነው?” ይሉኛል። እራት ላይ ደግሞ ትምህርቱ ይቀጥላል፦ በውስጥ በኩል የተመታ ፊደልና ቁጥር አለ፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ እንዲህ ናቸው፤ የታክሲውን ሰማያዊ ቀለም ፋቅ ስታደርጊው ከሥሩ ወተት የመሰለ ቀለም ይወጣል። እኔ በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነበር የምሰማው። ለካ ያ ጆሮዬ ጎበዝ ተማሪ ኖሯል።

የሰፈራችንን አስቤዛ ከቀፊራ ገበያ የሚያመላልሰው አብዲ የሚባል ባለጋሪ ነው። አህያው ዶክተር ትባላለች፤ ማዕረጉን የሰጣት እሱ ራሱ ነው፤ መንገዱን ከእሱ በላይ ስለምታውቅ። ቀትር ላይ ጋሪው ተጭኖ ሲያበቃ አብዲ ሽንኩርቱ ላይ ጋደም ይልና ይተኛል። እሷ ደጅ ለደጅ እየቆመች ታደርሳለች፤ ባለቤቶቹ ወጥተው የየድርሻቸውን ያወርዳሉ። “እኔ ተሳፋሪ ነኝ፤ ሹፌሯ እሷ ናት” ይላል።

አንድ ቀን ድንቼን ሲጭን የወደቀ ለማንሣት ጎንበስ ስል በጋሪው ቸርኬ ላይ ጌታቸው የሚያወራላቸውን ቀዳዳዎች አየሁ። በቁልፌ ፋቅ አደረግሁ። ወተት። እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ፤ ፊደሉ ጣቴ ሥር ተሰማኝ። ማንም ሰው በዚያች ቅጽበት የሚያስበውን አሰብኩ፤ ልብሴን የማሰጣበት ቦታ ታየኝ።

“አብዲ፣ ይሄን ቸርኬ ልለውጥህ? ጎማው አዲስ የሆነ እሰጥሃለሁ።”

“አዲስ? ወላሂ በይ።”

“መሬት አልነካም ማለት ይቻላል።”

ያቺን ትንሽ ቸርኬ ከመኪናችን ፈትቼ አምጥቼ ጎሚስታው ዘንድ ሄድን። ጎሚስታው ሁለቱን ጎን ለጎን አቆማቸውና “አቦ ይሄማ ያንሳል። ጋሪው ይንጋደድብሃል” አለ። አብዲ እኔን አየኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

“ጭነት ሲያርፍበት ክብደቱ ይከፋፈልና ይስተካከላል” አልኩ።

ጎሚስታው አፉን ሊከፍት ሲል አብዲ “ዝም በል አንተ! የእህቴን ልጅ ፊዚክስ ያስተማረች ናት” አለው። የእህቱ ልጅ በፊዚክስ ስንት እንዳመጣች አላነሣሁም።

ቤቴ ሰላም ሆነ። ጌታቸው ቸርኬውን ሲያይ ሰው የሞተ ዘመዱን መንገድ ላይ ቢያገኝ እንደሚሆነው ሆነ፤ ከየት አመጣሽው ብሎ እንኳን አልጠየቀም። መኪናዋ ወጣች፤ ልብሴ ተሰጣ።

ቀፊራ ግን ሌላ ወሬ ተነሣ። ዶክተር አብዳለች። ጋሪው ባነሰው ቸርኬ በኩል ሲያጋድል አህያዋን ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ይስባታል፤ አብዲ በሽንኩርቱ ላይ ተኝቶ ሲነቃ ራሱን የሚያገኘው ደቻቱ፣ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። አንዱ ዐይን በልቷት ነው አለው። ሌላው የምትወደው አህያ እዚያ አካባቢ ይኖር ይሆናል አለው። እኔንም አማከረኝ፤ የተማርኩ ነኛ።

“የግራ ዐይኗ ይሆን?” አልኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ውሸቴን በውሸት መድፈኔ ነው። በማግስቱ የግራ ዐይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ አየኋት። በቀኝ ዐይኗ አየችኝ።

ከዚያ አንድ ቀን አብዲ አንገቱን ደፍቶ “ልሸጣት ነው። ጀልዴሳ ውሃ የሚያመላልስ ሰውዬ ነገ ሊወስዳት ይመጣል። አብሬያት ነው ያረጀሁት፤ ግን ምን ላድርግ፣ ደንበኞቼ አለቁ” አለኝ።

ቤት ገባሁ። ጌታቸው የቀትር እንቅልፉን ተኝቷል። ክሪኩን አወጣሁ፤ ደጅ ከቆመችው መኪና ላይ ቸርኬውን ፈታሁ። የመጨረሻውን ቡሎን ስፈታ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ሁሉንም ነገርኩት።

ቡሎኑን ከእጄ ተቀበለና “ለአህያ?” አለ።

“ለአህያ” አልኩ።

አብዲ ኑዛዜዬን ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሄዶ የአህያዋን ጨርቅ ፈታና በኦሮምኛ ብዙ ነገር አላት። ይቅርታ መጠየቁ ይመስለኛል፤ ስሜም በመሐል ተነሥቷል። ከጀልዴሳ የመጣው ሰውዬ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቸርኬው ተገጠመ፤ ጋሪው ቀጥ አለ። አብዲ ተኛ።

የነቃው ለገሀር ነው። በስተቀኝ!

ለካ ምስኪኗ በነዚያ ሁሉ ሳምንታት ወደ ግራ የሚስባትን ጋሪ ወደ ቀኝ እየጎተተች ማስተካከል እየለመደች ኖሯል። ልምዷ ሲሞላ እኔ ቸርኬውን መለስኩ።

“አሁንስ ፊዚክስሽ ምን ይላል?” አለኝ አብዲ። “ትለምዳለች” አልኩት። (ድሬ ላይ “አንቺ” ተብሎ መወቀስ ደግ ነው፤ “እርስዎ” ቢለኝ ኖሮ አልችለውም ነበር።)

አሁን አብዲ አይተኛም። ቀትሩን ሙሉ ልጓም ይዞ፣ ዐይኑ ቀልቶ፣ በዶክተር ቀኝና ግራ መሐል ይሟገታል። ጌታቸውም አልፎ አልፎ ቀፊራ ይወርድና ጋሪው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቸርኬውን በመሐረቡ ይጠርጋል። አብዲ “ባልሽ ዛሬም ሊጠይቀው መጥቶ ነበር” ይለኛል።

እናንተም በነዚያ ሳምንታት ከቀፊራ የጫናችሁት ቲማቲም ሳይደርሳችሁ ደቻቱ አሸዋ ላይ የቀረባችሁ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የአህያዋ አይደለም። የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ።