የሰንበታው ፎርፌ

ተጫውቶ መሸነፍ ቅር ያሰኛል እንጂ አያዋርድም። ኳሱ ክብ ነው፣ ዳኛው ሰው ነው፣ ሜዳው ጭቃ ነው እያሉ ቀስ በቀስ ይጽናኑበታል። ሳይጫወቱ መሸነፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሊያችሁ ሳይቆሽሽ፣ ላብ ሳይወጣችሁ፣ ቤታችሁ ቁጭ ባላችሁበት መጥቶ የሚያገኛችሁ መርዶ ነው። በእግር ኳስ ቋንቋ ፎርፌ ይባላል። ቃሉ ከየት አገር እንደመጣ አላውቅም፤ እኛ አገር ግን በደንብ ተላምዷል። ከሥራውም፣ ከትዳሩም፣ ከርስቱም በፎርፌ የተሸነፈ ስንት ሰው አውቃለሁ መሰላችሁ።

እኔ የጎሬ ሰው ነኝ፤ አንዲት ፎቶ ቤት አለችኝ። ጎሬ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ የኢሉባቦር ዋና ከተማ የነበረች፣ አሁን ደግሞ «ነበረች» የሚለው ቃል ከስሟ የማይለይ ከተማ ናት። መንበሩ ወደ መቱ ከወረደ ቆየ። መሥሪያ ቤቱ ተከተለው፤ መሥሪያ ቤቱን ሠራተኛው፣ ሠራተኛውን ሥጋ ቤቱ ተከተለ። ለእኛ የቀረን ብርዱ፣ ቡናውና እግር ኳሱ ነው። ስለዚህ ጎሬ ከመቱ ጋር ስትጋጠም ኳስ ብቻ የምትጫወት እንዳይመስላችሁ።

የሊጉ አሠራር በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ቀበሌ ከቀበሌ ተጫውቶ የወረዳ ቡድን ይወጣል፤ ወረዳ ከወረዳ ተጋጥሞ የዞን ዋንጫ ይነሣል፤ የዞኑ አሸናፊ ወደ ክልል ይሄዳል፤ ከክልል በላይ ያለውን እግዜር ያውቃል። ቀድሞ በደሌም ከእኛው ጋር ነበረች። ዞኑ ለሁለት ሲከፈል ያ ሁሉ የቆየ ፉክክር አንድ ጎል ሳይቆጠር አበቃ፤ ለማንም «ደህና ሁኑ» ለመባባል እንኳ ጊዜ አልተሰጠም። የቡድኖቹ ስም አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። የማይለወጠው የልጆቹ ጫማ ነው፤ ታላቅ ወንድም የቀደደውን ታናሽ ያስሰፋዋል። እንግዲህ በዚህ መሰላል ላይ ነው ድሃ ልጅ ውጣ የሚባለው።

ያን ዓመት ጎሬ መቱ ላይ ከመቱ ጋር ለሚደረገው የዞኑ ፍጻሜ ደረሰች፤ ያደረሳት ታመነ ነው። ታመነ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። በሥራ ቀን ጀርባው የነጋዴ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን ግራ እግሩ የከተማው ሁሉ ነበረች። ለፍጻሜው ከትልቅ ከተማ ክለብ ተጫዋች መልማዮች እንደሚመጡ ተወርቷል። ውድድሩ የዕድሜ ገደብ ስለነበረው ታመነ በሚቀጥለው ዓመት መጫወት አይችልም። በእኛ አገር እግር ኳስ ዕድሜ ወደ ኋላ እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ፤ ጢሙን ተላጭቶ ከልጆች ጋር የሚሰለፍ የልጆች አባት አይተናል። የታመነ እናት እትዬ አስካለ ግን ዓመቱን እንስረቅለት ቢባሉ እንቢ አሉ። «የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴ እንደገና አይወልድልኝም» ብለው መለሱን። ስለዚህ ለታመነ ያለችው በር ያቺ አንዲት ጨዋታ ብቻ ነበረች።

አሰልጣኙ ጋሼ ሸምሱ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው ጎሬ ቀሩ። የማሊያውን ቁጥር የሚሰፉት እሳቸው፣ ልጆቹን የሚያሰልፉት እሳቸው፣ ስንሸነፍ የሚሰደቡትም እሳቸው ነበሩ። ኦሮምኛቸው እዚሁ ተወልዶ ካደገው ሰው ይበልጣል፤ እሳቸውም ይህን አይደብቁም። ከፍጻሜው በፊት የሊጉ ኮሚቴ ጸሐፊ ከመቱ ደወለላቸው። የሁላችንንም ቅይጥ ቋንቋ ነበር የተናገረው፤ «ጋሼ ሸምሱ፣ ፍጻሜው ሰንበታ ነው፣ እንዳትቀሩ።» ጋሼ ሸምሱ «ቶሌ» ብለው፣ ማለትም እሺ ብለው፣ ስልኩን ዘጉ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ አብራችሁኝ ቁሙ። በአማርኛ ሰንበት ያላችሁት ሰው እሑድን ያስባል። በኦሮምኛ ሰንበታ ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ዲልበታ ይባላል። ግን ደግሞ እሑድን «ሰንበታ ጉዳ»፣ ትልቁ ሰንበት የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። በዚያ ላይ ሊጋችን ከተፈጠረ ጀምሮ ፍጻሜ እሑድ እንጂ በሌላ ቀን ተደርጎ አያውቅም። ያን ዓመት ሜዳው እሑድ ለስብሰባ በመያዙ ጨዋታው ወደ ቅዳሜ ተገፍቷል፤ መገፋቱን ግን ለጎሬ የነገረ አልነበረም። እኛ ኢሉባቦሮች ዓረፍተ ነገሩን በአንዱ ቋንቋ ጀምረን በሌላው ጨርሰን እንግባባለን፤ በዚህ እኮራለሁ። ክፋቱ፣ «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖብናል። የጠየቀ ሰው አንዱን ቋንቋ እንደማያውቅ ይቆጠራላ። ጋሼ ሸምሱ ደግሞ ከመጠየቅ ሞትን የሚመርጡ ሰው ናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኛ ቃል አፋፉ ላይ ሆኖ ሁለት መንገድ ያዘ። ሁልጊዜ ጁምዓን የሚጠብቁት ሰው በሌላው ሰንበት ተቀጡ።

ቅዳሜ ዕለት ልጆቻችን ጎሬ ላይ ቀለል ያለ ልምምድ ሠሩ። ታመነ እግሩ እንዳይደክም ጋሼ ሸምሱ በጊዜ ወደ ቤቱ ሰደዱት። በዚያችው ሰዓት መቱ ላይ ባላጋራዎቻችን ተሰልፈው፣ እንግዶቹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዳኛው ሰዓቱን እያየ ነበር። ከመቱ ጎሬ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ስልክ በየኪሱ አለ። «የት ቀራችሁ?» ያለን አንድም ሰው የለም። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፤ ወደፊትም የምል አይመስለኝም። ዳኛው ነፋ፤ ዋንጫው ተነሣ፤ መልማዮቹም ብቻቸውን ኳስ ሲቀባበሉ ካዩአቸው የመቱ ልጆች መካከል አንዱን መርጠው ሄዱ።

እሑድ በጭፈራ መቱ ገባን። እኔ ካሜራዬን ይዤ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ነጭ የላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ዘበኛው ጨዋታው ትናንት እንዳለቀ ነገረን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛን ነው። ማን አሸነፈ አልነው፤ መቱ አለ። ስንት ለስንት አልነው፤ ሦስት ለዜሮ አለ። ከልጆቻችን አንዱ ማን እንዳገባ ጠየቀው። ዘበኛው ከልቡ አሰበ።

«ማንም» አለ።

ጋሼ ሸምሱ ልጆቹን ድንኳኑ ፊት አሰልፈው፣ መምጣታችን እንዲታወቅ ፎቶ አንሣን አሉኝ። አነሣሁ። ለይግባኙ ያቀረብነውም እሱን ነበር፤ ኮሚቴው ግን አገላብጦ ካየው በኋላ ፎቶ ቀኑን አይናገርም አለን። ከዚያ በኢሉባቦር እግር ኳስ ታሪክ የመጀመሪያው የሰዋስው ክርክር ተጀመረ። ጋሼ ሸምሱ «ነው» የሚለው ማሰሪያ የአማርኛ ስለሆነ ቀኑም በአማርኛ ይቆጠር ብለው ተሟገቱ። ሰብሳቢው ቃሉ በኦሮምኛ እስከተነገረ ድረስ ማሰሪያው አይመለከተንም አለ። ቃልና ማሰሪያ ሲባል ቀኑ መሸ። ጨዋታውን ይድገሙት ያለ አልነበረም፤ ምክንያቱም ዋንጫው ተሰጥቷል፣ እንግዶቹ ሄደዋል፣ ድጋሚ ጨዋታ ጣጣ አለው። ታመነ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ስለ እሱ ማንም አልተናገረም፤ እኛም ጭምር ስለ ቀኑ እንጂ ስለ ልጁ መናገር ረሳን። ውሳኔው ጸና። ጋሼ ሸምሱ ከዚያ በኋላ ማሊያ ሰፍተው አያውቁም።

ታመነም ከዚያ ወዲህ ኳስ መትቶ አያውቅም። ከሜዳ ግን አልራቀም፤ የዳኝነት ሥልጠና ወስዶ ዛሬ በሊጉ የሚከበር ዳኛ ሆኗል። የሚከበረው ስለሚፈራ ነው። አንዳንዱ ዳኛ በዘመድ፣ አንዳንዱ በግብዣ ይለሳለሳል፤ ታመነን የሚያለሳልስ ነገር አልተገኘም።

በቅርቡ የዞናችን የኡካ ከተማ ልጆች ከመቱ ጋር ለመጫወት ሲመጡ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ትተዋት በእግራቸው መምጣት እንደጀመሩ ደወሉ። በአጋጣሚ ሜዳው ዳር ነበርኩ። ታመነ መካከል ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሲያረጅ ሰው አፉን አይቆጣጠርምና ገብቼ ለመንኩት። ልጆቹ ሊደርሱ ነው፣ መንገዱ ነው የያዛቸው፣ ሕግ ሰውን አይበልጥም፣ ትንሽ ብትታገሥ ምን ትሆናለህ አልኩት። አንተም እንደ እነሱ ነበርክ አልኩት።

አልተቆጣም። ድሮ ፎቶ ሳነሣው እንደነበረው ቀጥ ብሎ እንደቆመ አየኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እኔንስ ማን ጠበቀኝ?»

ፊሽካውን ነፋ። የኡካ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ሲደርሱ፣ ከተሸነፉ ቆይተዋል።