የመጀመሪያው ዋጋ ሰላምታ ነው

በየቤተሰቡ አንድ ዋጋ ተከራካሪ አይጠፋም፤ ከጠፋ ቤተሰቡ በሻጮች ሲታለል ኖሯል ማለት ነው። የእኛ ቤት ተከራካሪ ታላቅ እህቴ ናት፤ ክብርት ወይዘሮ ሎርና ሃስኬት፣ የኦሃዮ ሻጮች ሁሉ ራስ ምታት። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የተለጠፈ ዋጋ ከፍላ አታውቅም። «የመጀመሪያው ዋጋ ሰላምታ ነው» ትላለች፤ «ሰላምታ ደግሞ ይመለሳል እንጂ አይከፈልም።»

ዳቦ ቤት የምትገባው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። መኪናዋን ስትገዛ ሦስት ጊዜ ተነስታ ወጥታለች፤ በሦስተኛው ሻጩ በዝናብ ተከትሏት ሮጠ። መውጣቷን ማየት ነው! ቦርሳዋን ትዘጋለች፣ «ይቅናህ» ትላለች፣ ከዚያ ሰውየው የሚጸጸትበት ጊዜ እንዲያገኝ ቀስ እያለች ወደ በሩ ትሄዳለች። «መውጣት የማይችል መግዛት አይችልም» ትላለች፤ ይሄ ሁለተኛው ቃሏ ነው። የእናታችንን የሬሳ ሳጥን ስንገዛ እንኳ እጀታውን በጥፍሯ ፍቃ «ይሄ ነሐስ አይደለም» አለች። እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ግን ሦስት መቶ ዶላር አስቀነሰች። ሙሉውን ብከፍል እማዬ ታፍርብኝ ነበር አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

እንግዲህ ይቺን ሴት በልጄ የኮሌጅ ጉዳይ ውስጥ ያስገባኋት እኔው ነኝ። እጄን ይቁረጠው።

ልጄ ግሬታ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፍቅሯ ድንጋይ ነው። መንገድ ላይ ያገኘችውን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ አንዳንዴም በምላሷ ጫፍ ትቀምሳለች። ድንጋይ ለማጥናት ልቧ የተከፈለው በሁለት ኮሌጆች መካከል ነው። ዊንስሎን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስታልመው ኖራለች፣ ካርታው እስከ ዛሬ አልጋዋ አጠገብ ተለጥፏል። ካልደርን ደግሞ ባለፈው ሐምሌ ሄዳ ስታየው አንዲት መምህርት ሙሉ ከሰዓት ገደል ለገደል ይዛት ዞረች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። የትኛው ይበልጥብሻል ስላት ታለቅሳለች።

በቅድሚያ የሚያመለክት ልጅ የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል። ግን በቅድሚያ የሚያመለክተው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ «ከተቀበላችሁኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እመጣለሁ» ብሎ ይፈርማል። ወላጅም ይፈርማል፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪም ትፈርማለች። እኛ ደግሞ በዓመት ከሃያ ሺህ ዶላር በላይ አቅም የለንም። እኔ የቤት ማሞቂያ እጠግናለሁ፣ ባለቤቴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፤ ከዚያ ካለፈ ቤቱን ለዕዳ ማስያዝ ነው።

ይሄን በእራት ላይ ሳስረዳት ሎርና ሹካዋን አስቀመጠች።

«ዋጋውን ሳትሰሙ ነው የምትፈርሙት?»

«ሳንሰማ ነው እትዬ። የገንዘብ ድጋፋቸውን መጠን የሚነግሩን ከተቀበሏት በኋላ ነው።»

«መውጫ በሩስ?»

መክፈል ካቃተን ይለቁናል አልኳት፤ ግን እስከዚያ የሌላው ኮሌጅ የቅድሚያ ማመልከቻ ጊዜ ያልፋል፣ ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን። ሎርና ሹካዋን ዳግም አላነሳችም። የእሷን የእራት ፍላጎት የዘጋ ነገር ያን ቀን አየሁ።

በማግስቱ ፈቃዴን ይዛ ስልክ ያዘች። እኔ ተሳስቶ ለደወለብኝ ሰው ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ስለሆንኩ ደስ አለኝ። ዊንስሎ ከመቀበላችን በፊት ስለ ገንዘብ አንነጋገርም አለ። የካልደር የድጋፍ ቢሮ ግን የገቢ ወረቀታችሁን ላኩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ብትገባ ስንት እንደምትከፍሉ እንነግራችኋለን አለ። ላክን። በአሥራ አንደኛው ቀን ቁጥሩ መጣ፤ በዓመት ሃያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። የመፈረሚያው የመጨረሻ ቀን በማግስቱ ነበር፤ የአማካሪዋ ቢሮ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሎርና ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው አድርጋ ለካልደር የድጋፍ ቢሮ ደወለች። ክብርነታቸው በሙሉ ትጥቅ ነበሩ፤ የነዳጅ ዋጋ፣ የጣሪያችን መፍሰስ፣ የእኔ የታመመ ጉልበት፣ አንድም አልቀራቸውም። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ በትሕትና አዳመጠቻትና ቁጥሩ ያው ነው አለች።

ያኔ ሎርና ቦርሳዋን ስትዘጋ አየሁ። ልከለክላት እጄን አነሳሁ፣ አልደረስኩም።

«እንግዲያው ወደ ዊንስሎ እንሄዳለን። ይቅናችሁ» አለች።

«መልካም ዕድል ለግሬታ» አለች ሴትዮዋ፤ ዘጋች።

ሎርና ስልኩን እያየች ጠበቀች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ጠበቅኩ። አልጮኸም።

ግሬታ ፊቷ ገርጥቷል። «አክስቴ» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፤ «እኔ እኮ መኪና አይደለሁም።»

ብናደድባት ደስ ባለኝ። ግን የእህቴን ፊት አየሁና ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እሷ አሥራ ስምንቷ ነበር፤ አንድ ኮሌጅ ተቀብሏት ነበር። ደውላ ቀንሱልኝ አለች፣ አንቀንስም አሏት፣ «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብላ ዘጋች። ያን ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ደረጃው ላይ፣ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ምን እንደምትጠብቅ ያኔ አልገባኝም። በመስከረም ጫማ መደብር ተቀጠረች፤ በሁሉም ነገር ዋጋ መከራከሯ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«አይደውሉም» አለች ሎርና ቀስ ብላ። «አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ ግሬታ ዞረች። «ቁጥሩ ባይኖር የትኛውን ነበር የምትመርጪው?»

ግሬታ አላውቅም አለች። ሁለቱንም እኩል እንደምትወድ፣ ግን ዊንስሎ ተቀብሏት መክፈል ቢያቅተን ሁለቱንም አጥታ መቀመጥ እንደማትችል ነገረቻት። «ካልደር ይሁን» አለች። «ቁጥሩን ካላነሱት።»

ሎርና ስልኩን አነሳች። «የግሬታ አክስት ነኝ፣ ቅድም ያስቸገርኩሽ። ቁጥሩ አሁንም አለ?»

«የት ይሄዳል እመቤቴ?» አለች ሴትዮዋ።

«እሺ» አለች እህቴ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ እሺ አለች! ሰባት መቶ ቀንሱ አላለችም፣ ሦስት መቶ ቀንሱ አላለችም። ስልኩን ዘግታ በዓመት የሚጎድለውን ሁለት ሺህ አራት መቶ እኔ እከፍላለሁ አለች፣ ለአራት ዓመት።

«ግማሹን እንኳ እኛ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዌንደል፣ ዋጋው ቁርጥ ነው።»

መከራከር አላውቅበትም፤ ብዕር ልፈልግ ተነሳሁ። ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈረመ። ማታ ግሬታ የዊንስሎን ካርታ ራሷ አንስታ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በታኅሣሥ አጋማሽ ካልደር ተቀበላት፤ ያ ሁሉ ወር እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ።

በሚያዝያ ኮሌጁን ልናይ ስንሄድ ሎርናም መጣች። መደብሩ ውስጥ የካልደር ስም የተጠለፈበት ኮፍያ አነሳች፤ ሃያ ስምንት ዶላር። ለአክስት ቅናሽ የለም ወይ አለች። ሻጯ ዋጋው የተለጠፈው ነው አለቻት። ሎርና ኮፍያውን መለሰች፣ ቦርሳዋን ዘጋች፣ ወደ በሩ ሄደች። እንደዚያ ቀስ ብላ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ሻጯ ሌላ ደንበኛ ይዛ ቀና እንኳ አላለችም።

እህቴ በሩን ስትነካ፣ አርባ አራት ዓመት ዘግይቼ፣ «እትዬ፣ ተመለሺ» አልኳት።

ዞር አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ውድ ነው» አለች፤ ግን ተመልሳ መጣች።