የወይዘሪት ፏፏቴ ጥገና ላይ ነው

ኢንጂነር፦ በሳሙና አይነካም አልኩ፤ አይነካም።

ቀሴ፦ ሥዕሉ ላይ ግን አረፋ አለ፣ ጋሼ።

ኢንጂነር፦ አረፋ አይደለም። ደመና ነው።

ቀሴ፦ ደመና ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?

ኢንጂነር፦ የአየር ጠባዩን ነው የሚያሳየው። ዕቃውን ዝናብ አያግኘው ለማለት ነው።

[ወጥ ቤት ውስጥ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ የድመቷ የውሃ ፏፏቴ ተፈታቶ ተዘርግቷል፦ ነጭ ሳህን፣ ክዳን፣ እንቁላል የምታህል ፓምፕ፣ ቀጭን ገመድ። የቤቱ አባወራ ሃያ ሁለት ዓመት የፓምፕ መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የየብሎኑን ስም በቃሉ ስለሚያውቅ ሰፈሩ ሁሉ "ኢንጂነር" ይለዋል። አንዱንም ብሎን በእጁ አጥብቆ አያውቅም፤ ስሙን ግን አልመለሰውም። አጠገቡ የቆመው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ቀለም ቀቢ ነው፤ ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ስለሚሠራ "ቀሴ" ይሉታል። እጁ ላይ የፏፏቴውን የአጠቃቀም ሥዕል ጨምሮ የታጠፉ ወረቀቶች ይዟል፤ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ኢንጂነርን ያያል።]

ቀሴ፦ እትዬ በየሳምንቱ በሳሙና ነው የምታጥበው። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ታለቀልቀዋለች።

ኢንጂነር፦ እህትህ ደግ ሴት ናት። መጋዘን ግን ገብታ አታውቅም።

ቀሴ፦ ይሄ የሚያዳልጠው ነገርስ? ጣቴን ሳሳልፍበት ልጋግ ይመስላል።

ኢንጂነር፦ እሱ የፋብሪካ ቅባት ነው። እንዳይዝግ።

ቀሴ፦ ፕላስቲክ ይዝጋል?

ኢንጂነር፦ ቅባቱ ስላለ ነዋ የማይዝገው።

[ቀሴ ይህን ሲያሰላስል ቆየ። እያሰላሰለ ሳህኑን አነሳ፣ እያሰላሰለ ሳሙና ጨመረበት፣ እያሰላሰለ አሸት አሸት አድርጎ አራት ጊዜ አለቀለቀው። ኢንጂነር ሰዓቱን እያየ ስለነበር አላስተዋለም።]

ኢንጂነር፦ ስምንት ተኩል ሆኗል። እህትህ ከሄደችበት መንገድ አሥር ሰዓት ላይ ትገባለች። ስትገባ ይሄ ነገር ውሃ ሲያንፎለፉል ማግኘት አለባት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? "ዳግመኛ ከተበላሸ ጠጋኝ እጠራለሁ።"

ቀሴ፦ ትጥራ ታዲያ።

ኢንጂነር፦ በዚህ ቤት? ጎረቤት በየመስኮቱ እያየ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ በሬን ሲያንኳኳ? "የኢንጂነሩ ቤት ይሄ ነው? የድመት ዕቃ ልሠራ ነው" ሲል? ከዚያ በኋላ እኔ በዚያ በር የምወጣ ይመስልሃል?

ቀሴ፦ ድመቷስ ጋሼ? ሐኪሙ ኩላሊቷ ደክሟል፣ ብዙ ትጠጣ ብሏል።

ኢንጂነር፦ እሱማ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ፏፏቴው ትናንት ማታ ከቆመ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም። ጠዋት በሰሃን ቀድቼ አፍንጫዋ ሥር ባስቀምጥላት አሽትታ፣ እኔን አይታ፣ ጥላኝ ሄደች። ተቀይማኛለች።

[ድመቷ ከቀሴ ክፍል ቀስ ብላ ወጣች። ወይዘሪት ነው የሚሏት፤ አረማመዷ ነው ስሙን ያሰጣት። ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ አፏን ላሰች።]

ቀሴ፦ ጢሟ ረጥቧል።

ኢንጂነር፦ ምራቅ ነው፤ ጥም ሲበረታ ምራቅ ይሞላል። አይዞሽ እናቴ፣ እየሠራንልሽ ነው።

[ኢንጂነር ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ "ጥገና ላይ ነው" ብሎ በትላልቁ ጻፈና ድመቷ በምትጠጣበት ጥግ ግድግዳው ላይ ለጠፈ።]

ቀሴ፦ ለማን ነው?

ኢንጂነር፦ ለሚመለከተው።

ቀሴ፦ የሚመለከታት እሷ ብቻ ናት።

ኢንጂነር፦ ታዲያ ይመልከታት። አሠራር ነው። ፓምፑን አቀብለኝ።

ቀሴ፦ ውስጡ ይከፈታል እንዴ?

ኢንጂነር፦ ፋብሪካ የዘጋውን ሰው አይከፍትም።

ቀሴ፦ ሥዕል ሁለት ላይ ግን አውራ ጣት አለ። ክዳኑን ሲገፋ።

ኢንጂነር፦ ሲገፋ አይደለም። "ጎሽ፣ በርታ" እያለህ ነው። እስከ ሥዕል አንድ ድረስ በደንብ ሠርተሃል ማለቱ ነው።

ቀሴ፦ [አውራ ጣቱን ክዳኑ ላይ አሳርፎ] እንዲህ ነው?

[ክዳኑ ቀጭ ብሎ ተነሳ። ውስጧ የምትሽከረከረው ትንሽ ክንፍ በድመት ፀጉር ተጠቅልላ የጥጥ ኳስ መስላለች።]

ቀሴ፦ ይቅርታ ጋሼ። ተከፈተብኝ።

ኢንጂነር፦ [ጎንበስ ብሎ] ፀጉር ነው። ምን ብዬህ ነበር?

ቀሴ፦ ምን ብለውኝ ነበር?

ኢንጂነር፦ ገና ድምፁን ስሰማ ነው ያወቅኩት። በል ጥረገው። በቀጭን ብሩሽ፣ ክንፏን ሳትሰብር።

[ቀሴ ፀጉሩን በጥፍሩ ጎትቶ አወጣ፤ ክንፏን ነቅሎ ጉድጓዷን በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፤ ጥጉ ላይ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት አቼቶ ጠብ አድርጎበት ጠበቀ። ለመጠበቅ ማንም አይስተካከለውም። ከዚያ አለቅልቆ ክንፏን መለሰና የፓምፑን ክዳን ገጠመ።]

ኢንጂነር፦ ብሩሹን ከየት አመጣኸው?

ቀሴ፦ ከመታጠቢያ ቤት። ሰማያዊው።

ኢንጂነር፦ [ጥርሱን በምላሱ እየዳሰሰ] ጥሩ ብሩሽ ነው። አሁን ዋናው ሥራ መጣ። አዲሱን ማጣሪያ አምጣ።

[ቀሴ ከካርቶኑ ውስጥ ክብ ማጣሪያ አውጥቶ ሰጠው። ኢንጂነር ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ዙሪያውን በጣቱ ፈተሸ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደው የአፈታተሽ ዓይነት ነውና ፊቱ ራሱ ወጣት መሰለ።]

ኢንጂነር፦ እሽጉ አልተነካም። ጠርዙ አልተላቀቀም። ሙሉ ዕቃ ነው። [ፓምፑ ዙሪያ አጥልቆ ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠው፤ ውሃ ሞላ፤ ክዳኑን ገጠመ።] ሰካው።

[ቀሴ ሰካው። ፓምፑ እርርር አለ፣ እንደሚያስለው ሰው ሁለቴ ተንቀጠቀጠና ደረቅ ድምፅ ብቻ ሆነ። ጠብታ የለም። ወይዘሪት አንድ ጆሮዋን አዙራ መለሰች።]

ኢንጂነር፦ ቮልቴጅ ነው።

ቀሴ፦ ፍሪጁ ይሠራል።

ኢንጂነር፦ ፍሪጁ ትልቅ ስለሆነ ቀድሞ ይወስድበታል። ባለፈውም ጊዜ እንዲሁ ነበር። እህትህ ራሷ መስክራለች፤ "አዎ፣ ቮልቴጅ ነው" ብላ።

ቀሴ፦ በምን ተስተካከለ ታዲያ?

ኢንጂነር፦ በራሱ ጊዜ። እሷ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ትንሽ ቆይታ ወጣች፤ ሲሠራ አገኘነው። ቮልቴጅ እንዲህ ነው። ሲመጣ አይነግርህም።

ቀሴ፦ ደርቆ እንዳይቃጠል ልንቀለው። [ነቀለው።] ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?

ኢንጂነር፦ ጠይቅ። ካልጠየቅህ መቼ ትማራለህ?

ቀሴ፦ ፓምፑ ውሃውን የሚያገኘው ከየት ነው?

ኢንጂነር፦ ከሳህኑ ነዋ።

ቀሴ፦ ሳህኑ ሙሉ ነው። በየት በኩል ነው የሚገባለት?

ኢንጂነር፦ በማጣሪያው በኩል። ማጣሪያው ዙሪያውን ከብቦታል።

ቀሴ፦ ማጣሪያው ውሃ ያስገባል?

ኢንጂነር፦ ውሃ ካላስገባ ምኑን ማጣሪያ ሆነ?

ቀሴ፦ እሺ። [አጎንብሶ በክዳኑ ቀዳዳ እያየ] ለምንድን ነው የሚያብረቀርቀው?

ኢንጂነር፦ አዲስ ስለሆነ።

ቀሴ፦ አሮጌው አዲስ ሳለ አያብረቀርቅም ነበር። እትዬ ስትከተው አይቻለሁ። ጨርቅ ይመስል ነበር።

ኢንጂነር፦ ይሄኛው የተሻሻለው ነው።

ቀሴ፦ ሥዕል ሦስት ላይ ደግሞ ከማጣሪያው አጠገብ መቀስ አለ።

ኢንጂነር፦ መቀስ ከዕቃው አጠገብ አታኑሩ ነው የሚለው። ስለት ነው፤ አደጋ አለው።

ቀሴ፦ የመከልከያ መስመር የለበትም።

ኢንጂነር፦ ለሚገባው ሰው መስመር አያስፈልግም።

ቀሴ፦ ሥዕል አራት ላይ ደግሞ ያው ማጣሪያ ቧንቧ ሥር ተይዞ ጥቁር ውሃ ይወርደዋል። ይሄኛውን እኔ አሁን ቧንቧ ሥር ብይዘው ጥቁር ነገር ይወጣዋል?

ኢንጂነር፦ እንዴት ይወጣዋል? ታሽጎ።

[ኢንጂነር "ታሽጎ" ያለውን ቃል ራሱ ሰማው። ክዳኑን አነሳ፣ ማጣሪያውን አወጣ፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ውስጡ እንደ አቧራ የደረቀ ነው።]

ኢንጂነር፦ ጉድ ነው። ፋብሪካው ላስቲኩን ሳያወልቅ ልኮልናል።

ቀሴ፦ [ከኋላ ኪሱ መቀስ አውጥቶ] ይኸው።

ኢንጂነር፦ [መቀሱን ይዞ ቆመ።] አንተ ልጅ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ እሽግ ቀድጄ አላውቅም። እሽጉ የተከፈተ ዕቃ ጎደሎ ነው። ሦስት ሰው ቆሞ ካላየና ካልፈረመ እሽግ አይከፈትም። እኔ በዚህ ነው በሰላም ጡረታ የወጣሁት።

ቀሴ፦ እርስዎና እኔ ሁለት ነን። ወይዘሪት ሦስተኛ ትሁን።

[ኢንጂነር ድመቷን አያት። ድመቷም አየችው። የምትቃወም አትመስልም። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ቆረጠ። ቀሴ ማጣሪያውን ቧንቧ ሥር ያዘው፤ ከሰል መሳይ ጥቁር ዱቄት ወረደ፤ ውሃው እስኪጠራ አልለቀቀውም። መልሶ አጠለቀው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ እጁን አድርቆ ሰካ። ፓምፑ አንዴ ጉርጉር አለ። ከዚያ ውሃው እንደ ትንሽ አበባ ብቅ ብሎ በክዳኑ ላይ ፈሰሰ።]

ኢንጂነር፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ሠራ።

ቀሴ፦ ሠራ ጋሼ።

ኢንጂነር፦ አየህ፣ አንተ ዝም ብለህ ስትጠይቅ እኔ ነገሩን ደረጃ በደረጃ እያጣራሁት ነበር። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው፤ ደርሰናል። አሁን ርክክቡ ይቀራል። ያንን የሥዕል ወረቀት አምጣው፤ እሽጉ በሦስት ሰው ፊት ስለመከፈቱ ከሥሩ ልፈርምበት።

[ቀሴ ከወረቀቶቹ አንዱን ሰጠው። ኢንጂነር መነጽሩን አወረደ። ሥዕል የለበትም። የሚስቱ የእጅ ጽሑፍ ነው።]

ኢንጂነር፦ [ያነባል] "ወንድሜ፣ አንደኛ፦ ዕቃውን መፍታት ሲጀምር የወይዘሪትን ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አልጋህ ሥር አስቀምጥላት። ጠዋትና ማታ ቀይርላት።" [ቀና ብሎ ጢሟ የረጠበውን ድመት አየ።] "ሁለተኛ፦ ማጣሪያውን ባለፈው ጊዜ እንዳደረገው ከነላስቲኩ ይከተዋል። እንዳትነግረው፤ ይከፋዋል። ጠይቀው ብቻ። ሲጠየቅ ራሱ ይደርስበታል።" [ድምፁ እየዘገየ] "ሦስተኛ፦ መቀስ ከኪስህ አይለይ። አራተኛ፦ ሲጨርስ አመስግነው።"

ቀሴ፦ እናመሰግናለን ጋሼ።

ኢንጂነር፦ [ወረቀቱን ገልብጦ] ጀርባው ላይ አምስተኛ አለ።

ቀሴ፦ እሱ ጋ ገና አልደረስኩም።

ኢንጂነር፦ "አምስተኛ፦ ይህን ወረቀት አደራ እሱ እንዳያየው።"

[ኢንጂነር ቀና ብሎ ቀሴን አየው።]

ቀሴ፦ ቀስ ብዬ ነው የማነበው ጋሼ።

[ኢንጂነር መነጽሩን አወለቀ። ባለፈው ጊዜ ሚስቱ በሩን ዘግታ የቆየችባትን ጥቂት ደቂቃ እያሰበ ነው፤ ስትወጣም እንዴት አድርጋ ሳትስቅ "አዎ፣ ቮልቴጅ ነው" እንዳለችው። ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። "ጥገና ላይ ነው" የሚለውን ከግድግዳው ላጠው። ወይዘሪት ወደ ፏፏቴው ሄደች፣ አሸተተች፣ ጠግባ ስለነበር ለይሉኝታ ያህል ሁለቴ ላስ ላስ አደረገች። የውጭው በር ቁልፍ ተሰማ፤ ሻንጣ መሬት ላይ ተቀመጠ።]

የሚስትየው ድምፅ፦ [ከኮሪደሩ] ደህና ዋላችሁ? ፏፏቴው እንዴት ሆነ?

[ቀሴ ኢንጂነርን አየ። ኢንጂነር ኪሱን በእጁ ዳበሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።]

ኢንጂነር፦ ቮልቴጅ ነበር።